ከፈቃድ እስከ ገና፦ የመጀመሪያዋ አጋዘን

ሰኔ፦ ፈቃድ

ሥራዬ የማሞቂያና የኤሲ ጥገና ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ። ቫን የምጋራው ባልደረባዬ የሸናንዶዋ ሸለቆ ተወላጅ ነው። ኅዳር በመጣ ቁጥር ለአደን ይጠፋና ሲመለስ የደረቀ ሥጋ በከረጢት ያድለናል። ዘንድሮ «አብረን ካልሄድን» ብሎ ያዘኝ። እሺ አልኩ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ ስመዘግብ የቆየሁት ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ የማያውቅ ሰው የአዳኞች ትምህርት ወስዶ መፈተን አለበት። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኦንላይን ተማርኩ። አብዛኛው መቼ እንደማይተኮስ የሚያስተምር ነው። ለምሳሌ ኮረብታ ጫፍ ላይ የቆመች፣ ከኋላዋ ሰማይ ብቻ የሚታይ አጋዘን አትነካም። ጥይቱ የት ሄዶ እንደሚያርፍ አይታወቅማ። አፈሙዝ፣ ጣት፣ ከኢላማው ጀርባ ያለው ነገር፤ ሦስቱን እየደጋገሙ ያስተምራሉ።

አንድ የማላውቀው ነገር አገኘሁ። በአሜሪካ በረጃጅም ጠመንጃዎችና በጥይት ላይ 11 በመቶ ግብር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ መሠረት ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለአዳኞች ትምህርት ወደ ክልሎች ይመለሳል። አዳኙ ራሱ ለአጋዘኖቹ ይከፍላል ማለት ነው።

ወጪ፦ የአደን ፈቃድ 23 ዶላር፣ የአጋዘንና ቱርክ የሚባለው ትልቅ ወፍ ፈቃድ ሌላ 23፣ በብሔራዊ ደን ለማደን 4። ድምር 50።

ሐምሌ፦ ጠመንጃ

ባልደረባዬ «አዲስ አትግዛ» አለኝ። ያገለገለ፣ በእጅ የሚቀባበል .308 ጠመንጃ ከነስኮፑ (ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ) 430 ዶላር ገዛሁ። በዚህ ክልል ለአጋዘን ከ.23 ያነሰ ካሊበር (የጥይት ውፍረት) ያለው ጠመንጃ አይፈቀድም፤ .308 ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። የወንጀል ማጣሪያው ሱቁ ውስጥ ቆሜ አለቀ።

ቤት ይዤው ከመግባቴ በፊት ባለቤቴ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። «ሁለት ልጅ ባለበት ቤት ጠመንጃ የሚገባ ከሆነ ሣጥኑ ቀድሞ ይገባል።» ቀድሞ ገባ። ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን፣ 160 ዶላር፣ ከግድግዳው ምሰሶ ጋር በቡሎን ታስሯል። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል።

የጥይቱ ነገር ብዙ አነጋግሮናል። ርካሹ ባለ እርሳስ ነው። እርሳሱ አጥንት ሲመታ ይፈረካከስና በዓይን የማይታይ ብናኝ ሥጋው ውስጥ ይበትናል። ልጆች የሚበሉት ሥጋ ስለሆነ ለአደኑ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነውን መረጥኩ። ሃያው ፍሬ 48 ዶላር ነው። ለልምምድ ግን ባለ እርሳሱን ሁለት ፓኬት ገዛሁ፤ አንዱ 26 ነው። ይህ ቁጠባ ምን እንዳስከተለ ቀጥሎ ይታያል።

ነሐሴ፦ ኢላማ

ተኩስ መለማመጃ። 100 ያርድ (90 ሜትር ገደማ) ላይ ወረቀት ሰቅዬ ከጠረጴዛ ላይ ተኮስኩ። ጥይቶቹ እንደተበተነ ሽምብራ የትም አረፉ። እኔ እጄን ተጠራጠርኩ፣ ባልደረባዬ ስኮፑን። ስኮፑን የሚይዙት ብሎኖች ላልተው ነበር። ለኮምፕሬሰር የምጠቀምበትን ቶርክ መፍቻ ከቫኑ አምጥቼ በልኩ አጠበቅኳቸው። ብትንትኑ በግማሽ ጠበበ።

የቀረው ግማሽ የእኔ ነበር። ጠመንጃው ትከሻ ይመታል። ትከሻዬ ያንን ስለሚጠብቅ ቃታው ሊለቅ ሲል ዓይኔ ይጨፈናል፣ አፈሙዙም ዝቅ ይላል። ባልደረባዬ ሳላይ ባዶ ቀለህ አጉርሶ ሰጠኝ። ቃታውን ስስብ ተኩስ የለም፤ እኔ ግን ሰውነቴን ሁሉ ነቀነቅኩ። ሳቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሳሎን ውስጥ ባዶ ጠመንጃ፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ፣ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታ መሳብ። ሁለት ጊዜ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ ጥይት ሌላ ክፍል ተቆልፎ፣ በየማታው ከዜና በኋላ ይህን አደርጋለሁ። ልጄ ሳንቲም መቁጠሩን ሥራዬ ብሎ ይዞታል።

ከዚያ የርካሹ ጥይት ጉዳይ መጣ። ስኮፑን ባለ እርሳሱን እየተኮስኩ ካስተካከልኩ በኋላ መዳቡን ብሞክረው ሁለት ኢንች ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ መታ። ክብደቱም ፍጥነቱም ይለያያል፤ ጠመንጃው አንድ ቢሆንም መንገዱ ሌላ ነው። ስኮፑ በአንድ ጠቅታ ሩብ ኢንች ይንቀሳቀሳል፤ አሥር ጠቅታ ወደ ላይ ሄድኩ። ሌላ ፓኬት መዳብ መግዛት ግድ ሆነ።

ወጪ፦ ጥይት በጠቅላላው 148፣ የመለማመጃ ቦታ ክፍያ 60።

ጠረጴዛ ላይ መምታት ብቻ አያዋጣም። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ተቀምጦ ጉልበት ላይ ተደግፎ፣ ተንበርክኮ፣ ዛፍ ተደግፎ መልመድ ይሻላል። ቆሜ ያለ ድጋፍ ስተኩስ ከ50 ያርድ በላይ ራሴን አላምንም። ስለዚህ ለራሴ ወሰን አበጀሁ፦ ተደግፌ 100 ያርድ፣ ሳልደገፍ አልተኩስም።

መስከረም፦ ዱካ

ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን፣ በሸናንዶዋ አውራጃ በኩል። ያለ ጠመንጃ መዞር። አጋዘን ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ምግብ፣ መደበቂያ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ። በዚህ ወቅት ምግቡ የነጭ ኦክ ፍሬ ነው። ከቀዩ ኦክ ያነሰ መራራ ስለሆነ መሬት እንደወደቀ ይለቅሙታል። ነጭ ኦኩን በቅጠሉ ለየሁ፤ ጫፉ ክብ ክብ ነው፣ የቀዩ ሹል። በስሩ የተበላ ፍሬ ቅርፊትና እንደ ፍየል በጠጥ ያለ ፋንድያ አገኘሁ። ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ የዛሬ ነው፤ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ አሮጌ ነው።

ያየሁት አጋዘን ግን ጥቂት ነው፤ ያየሁትም ጅራቱን ነው። ነጭ ጅራት ሽቅብ ብድግ ይልና ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠፋል። ባልደረባዬ ልብሴን አሸተተና «ይኼማ ከሩቅ ይታወቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ጃኬቱ የሚሰቀለው ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ነው። ቁሌት፣ ቡና፣ የእሁድ ዕጣን ሁሉ ገብቶበታል። የአደን ልብሱ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲያድር ተደረገ። አሁን የራሱ ፕላስቲክ ሣጥን አለው፤ ወጥ ቤት አይገባም።

ልብስ ማጠብ ግን ለነፋስ መፍትሔ አይሆንም። ሰው ሰው መሽተቱ አይቀርም። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኔ መንፈስ አለበት። አዳኞች ነጭ ዱቄት በጠርሙስ ይዘው ፉት እያደረጉ አቅጣጫ ያያሉ፤ ሱቅ ውስጥ 8 ዶላር ነው። እኔ ባዶ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ የጤፍ ዱቄት ሞላሁ። ከሱቁ ይሻላል፤ ደቃቅ ስለሆነ አየር ላይ ይቆያል። በእሱ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ሸለቆው ውስጥ ጠዋት አየሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ሽቅብ ይገለበጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጥሩ የነበረ ቦታ 4 ሰዓት ላይ ጠረንን ለሁሉም የሚያድል ይሆናል። በማሞቂያ ቱቦ ውስጥ አየር ሲንቀሳቀስ ቀን ሙሉ የምለካ ሰው፣ ይህን ሳልማር መገመት ነበረብኝ።

ጥቅምት፦ ቢላና ቡራኬ

ገፈፋውን ጫካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መማር አልፈለግኩም። ከገበሬ ላይ ፍየል ገዝተን ጓደኛዬ ግቢ አረድን። አገር ቤት ስናርድ ብልት የሚያወጡት ትልልቆቹ ነበሩ፤ የእኔ ድርሻ እግር መያዝ ነበር። እዚህ ቢላውን እኔ ያዝኩ። ቆዳውን በቢላ ሳይሆን በቡጢ መለየት፣ ቢላ በመገጣጠሚያው ላይ ብቻ ማስገባት፣ ወርቹ ከአካል ጋር የሚያያዘው በጡንቻ ብቻ መሆኑ፤ ሁሉንም ከፍየሉ ተማርኩ። ትልቁ ቢላ ጥቅም እንደሌለውም ያኔ ገባኝ። አራት ኢንች ስለት በቂ ነው። አንድ ትንሽ ቢላ፣ አንድ መገንጠያ ቢላና መሞረጃ ድንጋይ፦ 55 ዶላር።

የቀረው የእማዬ ጥያቄ ነበር። ስልክ ደውዬ ስነግራት ቀድማ ያለችው «የተተኮሰ ይበላል እንዴ?» ነው። እኔም ሲከነክነኝ ነበር። እንስሳው ራሱ ችግር የለበትም፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራቸዋል። ዘሌዋውያን 17 ላይ ደግሞ አድኖ የሚበላውን አውሬ የያዘ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል። አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ከመተኮስህ በፊት በስመ አብ በል፤ እንደወደቀችም አንገቷን ባርከህ ደሟን አፍስስ» አለች። ከዚያ ቀጥላ «ለመሆኑ ካልሲ አለህ?» አለች። ትንቢት ሆነ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፦ የመክፈቻው ቀን

የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኅዳር አጋማሽ ቅዳሜ ነው። የዘንድሮው ቀን ከእኛ ኅዳር 7 ጋር ገጠመ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ አለኝ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲያ ባድን እንኳ እስከ ገና የሚበላው የለም።

ደኑ ውስጥ ከንጋቱ በፊት ገባሁ። ሕጉ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ፣ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት መተኮስ ይፈቅዳል። ብርቱካናማ ሰደርያ ወይም ኮፍያ ግዴታ ነው፤ ደማቅ ሮዝም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይፈቀዳል። ሲነጋ ዙሪያዬን ሳይ ጫካው በብርቱካናማ ተሞልቷል። መስከረም ላይ ያጠናሁት ነጭ ኦክ ሥር አንድ ሰውዬ ወንበር ዘርግቶ ቡና ይጠጣል። እጁን አውለበለበልኝ። እኔም አውለበለብኩ። ሌላ ቦታ ፍለጋ ስዞር ጠዋቱ አለቀ።

ሁለት እንስት አየሁ። በብሔራዊ ደኑ እንስት የሚመታበት ቀን ውስን ነው፤ ደንቡን ስልኬ ላይ ከፍቼ እስካነብ ድረስ ሄደዋል። ደንብ ጫካ ውስጥ አይነበብም፤ ማታ ተነቦ በወረቀት ይያዛል።

እግሬ ደግሞ ደነዘዘ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዝና ይበርዳል። ማታውኑ የሱፍ ካልሲና ሙቀት የሚይዝ ቦት ገዛሁ፤ 140 ዶላር። ሰደርያና ኮፍያው 25 ነበር።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ያው ደን። ነፋሱ ዞረ። ከጀርባዬ ኃይለኛ ፉጨት የመሰለ እስትንፋስ ሰማሁ፤ አጋዘን ሌሎቹን የምታስጠነቅቅበት ድምፅ ነው። የጤፍ ዱቄቱን ፉት ብል በቀጥታ ወደ ድምፁ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። ባልደረባዬ ማታ ደውሎ «በቃ፣ ቅዳሜ የቤተሰቦቼ መሬት ላይ ና» አለኝ። ለዚህ ያበቃኝ ሚካኤል ነው እንጂ ነፋሱ አይደለም፤ ቀኑ የእሱ ነበር።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፦ ቅበላ

ቦታው አሮጌ የፖም እርሻ ነው፤ በአንድ ወገን ጫካ፣ በሌላው ሣር። በግል መሬቱ ላይ እንስት ይፈቀዳል፤ ማታ አጣርቼ በወረቀት ይዣለሁ። ባልደረባዬ ዛፍ ላይ የታሰረ የብረት ማማ አበደረኝ። መታጠቂያውን ራሱ አጠበቀልኝ። አዳኝን በብዛት የሚጎዳው ከማማ መውደቅ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሯል። ጠመንጃው ባዶውን፣ በገመድ ተጎትቶ ከእኔ በኋላ ወጣ።

ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች። ነፋሱ ከፖሞቹ ወደ እኔ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሦስት እንስቶች ከጫካው ወጡ። ትልቋ ከፊት ናት። ተደግፌያለሁ፣ ርቀቱ 80 ያርድ ገደማ ነው፤ ማታ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። መጀመሪያ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ቆመች፤ አይተኮስም። ከዚያ ስትዞር ትንሿ ከኋላዋ ቆመች፤ አሁንም አይተኮስም፤ ጥይቱ አልፎ ሁለተኛዋን ያገኛል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ትንሿ ፖም ልትለቅም ራቅ አለች። ትልቋ ጎኗን ሰጠች። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ በሹክሹክታ። ከፊት እግሯ ጀርባ፣ ከሰውነቷ ቁመት ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ አነጣጠርኩ። ሳንቲሙ ትዝ አለኝ። ሳብኩ።

በኋላ እግሮቿ ወደ ኋላ ረገጠችና ሮጣ ጫካ ገባች። የሳትኩ መሰለኝ። ባልደረባዬ ግን በመልእክት «ረገጠች? ጥሩ ነው። ግማሽ ሰዓት አትንቀሳቀስ» አለኝ። ልብና ሳንባዋን የተመታች አጋዘን እንደዚያ ትረግጣለች፤ ወዲያው ካሳደድካት ግን በመጨረሻ ጉልበቷ ሩቅ ትሄዳለች። ግማሽ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁሉ ረዘመ።

ወርጄ የቆመችበትን ቦታ ፈለግኩ። ሣሩ ላይ ደም አለ፤ ደማቅ ሮዝ፣ አረፋ የያዘ። ይህ የሳንባ ነው። ጠቆር ያለ ቢሆን ጉበት፣ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት ቢሆን ጨጓራ ማለት ነበር፤ ጨጓራ ከሆነ ሰዓታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ደሙን በመጸዳጃ ወረቀት ቁራጭ ምልክት እያደረግኩ ተከተልኩ። 60 ያርድ ያህል ገብታ እሾህ ውስጥ ወድቃለች። በረጅም እንጨት ዓይኗን ነካሁ፤ አልተርገበገበም። ባርኬ አንገቷን ቆረጥኩ። የወጣው ደም ትንሽ ነበር፤ አብዛኛው ደረቷ ውስጥ ፈሷል። ሆዷ ሲከፈት እሱም ፈሰሰ። በቦቴ አፈር አልብሼ ከደንኩት።

ሆዷን ስንከፍት ባልደረባዬ ቆሞ ያያል፤ እጁን አያስገባም። ቆዳውን በሁለት ጣት ከፍ አድርጌ፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከታች እስከ ደረት ሳብኩ። ደረትና ሆድን የሚለየውን ዲያፍራም ቆረጥኩ፤ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ የአየር ቧንቧውን ያዝኩና ሁሉንም ወደ እኔ ጎተትኩ። ሞቃት ነው። መጨረሻ ላይ ቢላዬ ጨጓራውን ጫር አደረገችው። ጠረኑ ወዲያው መጣ። የተነካውን ክፍል በንጹሕ ውኃ አጠብኩ፣ ከውስጠኛው ሽንጥ በኩል የተነካካውን ቆርጬ ጣልኩ። የጠፋው ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው።

ከዚያ ጉበቱን ይዤ ሐሞት ፍለጋ ገባሁ። እኛ ቤት በግ ሲታረድ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ሐሞቷን!» ነው፤ ከፈነዳ ጉበቱ ሁሉ ይመራል። ገለበጥኩ፣ ዳሰስኩ፣ የለም። የፈነዳ መሰለኝና አሸተትኩት። ባልደረባዬ ምን እንደምፈልግ ሲገባው ሳቁ አላቆም አለው። ነጭ ጅራት አጋዘን ሐሞት የላትም። ከነጭራሹ። ለእማዬ ስነግራት «ምን ዓይነት ከብት ነው ሐሞት የሌለው?» ብላ ለጎረቤት ልታወራ ሄደች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን ነጥቆ «ዘራፍ!» ማለት ጀመረ፤ እማዬ ከኋላ «አጋዘን ገድሎ የምን ዘራፍ ነው፣ ተው እንጂ» ትላለች።

አጋዘን መግደሌን የሚያሳውቀውን ሪፖርት ስልኬ ላይ ሞላሁ፤ ማረጋገጫ ቁጥር መጣ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 በፍሬድሪክ አውራጃ ነው፤ ሸናንዶዋም በዚያው የበሽታ ቀጠና ውስጥ ናት። መንስኤው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ሲሆን ምግብ ማብሰል አይገድለውም። ወደ ሰው እንደተላለፈ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ግን በሽታው የተገኘበትን እንስሳ አትብሉ ይላል። አንጎልና አከርካሪ ያለበትን የሬሳ ክፍል ከቀጠናው ማውጣትን የሚገድብ ደንብም አለ። ስለዚህ እዚያው ጎተራ ውስጥ ሰቅለን ገፈፍናት። ወርች፣ ታፋ፣ ሽንጥ፣ ጎድን፣ አንገት፤ አከርካሪው ሳይሰነጠቅ ሥጋው ከላዩ ተነሣ። ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጥቂት ጋር ለምርመራ ማስረከቢያ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ከነቅጹ። ምርመራው አያስከፍልም።

በኋላ እግሯ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ጥቁር ጸጉራም ዕጢ እንዳልነካ ተነግሮኛል። በነካው ቢላ ሥጋ ከቆረጡበት ሽታው አይለቅም። ለቆዳው አንዱን ቢላ፣ ለሥጋው ሌላውን ያዝኩ።

ሥጋው በረዶ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ፣ የቀለጠው ውኃ እንዳይነካው የሣጥኑ ቡሽ ተነቅሎ። በረዶ 12 ዶላር። ማታ ቤት ስደርስ ባለቤቴ ድስቱን ጥዳ ትጠብቃለች፤ ቅበላ ነዋ። የምርመራው ውጤት ሳይመጣ አይበላም አልኳት። ጉበቱም? ጉበቱም። ቅበላውን በዶሮ አደረግን።

ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ፦ ፍሪጅ

ጾሙ በመጨረሻ የረዳኝ እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ቢፈልጉም የሚበላበት ጊዜ ስላልሆነ ማንም አልጎተጎተኝም።

ሥጋውን ቤት ፍሪጅ ውስጥ፣ በሽቦ መደርደሪያ ላይ፣ ከ4 ዲግሪ በታች ለጥቂት ቀን አሳረፍኩ። ከዚያ ብልት በብልት አጸዳሁ። ሽፋኑን የብር ቀለም ያለውን ጅማት ሁሉ ማንሳት አድካሚ ነው። ስቡን ግን ከጎድኑ ላይ ተውኩት፤ የበሬ ስብ መስሎኝ። አጥንት የሌለው 17 ኪሎ ገደማ ወጣ። በየኪሎው በፕላስቲክና በወረቀት ጠቅልዬ፣ ብልቱንና ቀኑን ጽፌ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደርኩ። መጠቅለያ 30 ዶላር።

ባለቤቴ ሂሳቡን በወረቀት ሠራችው። ከነቤንዚኑ 120 ዶላር ጨምራ 1,230 ሆነ። ፍየሉን አልቆጠረችም፤ በልተነዋል። በ17 ሲካፈል ኪሎው 72 ዶላር ገደማ። «ከዚህ ሁሉ ልኳንዳ ቤቱን አንገዛም ነበር?» አለች። ጠመንጃው አርባ ዓመት ይሠራል አልኳት። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል፤ እስካሁን አልወረደም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ውጤቱ ወጣ፦ በሽታው አልተገኘም።

ገና፦ ምጣድ

የመጀመሪያው ጥብስ አልተሳካም። እንደ በሬ በትልልቁ ቆርጬ ረጅም ጊዜ እሳት ላይ አቆየሁት፤ ጫማ ሆነ። አጋዘን ሥጋው መሐል ስብ የለውም፤ የሚያለሰልሰው ነገር ስለሌለ ውኃው እንደወጣ ይደርቃል። ሁለተኛውን ዙር ቀጠን አድርጌ፣ ምጣዱ በጣም ግሎ፣ ቅቤ በዛ ብሎ፣ ቀዩ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠሉ ቀድመው ገብተው፣ ሥጋው መጨረሻ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ይህ አለቀ።

የጎድኑ ስብ ነገር ያኔ ተገለጠ። ትኩሱን ምንም አይልም። ቀዝቀዝ ሲል ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይጋገራል። አሁን ስቡ ሁሉ ይወጣል፣ በምትኩ ንጥር ቅቤ ይገባል።

እንግዶቹ ተከፋፈሉ። አንድ ጋሼ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ የተተኮሰ ግን አልበላም» አሉ። ዶሮ ወጡ ለእሳቸው ነበር። በጎን ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ሽንጡን አይቶ በጥሬው ካልበላሁ አለ። አልሰጠሁትም። የዱር አጋዘን ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስም ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያም ሊይዝ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ጨጓራውን ጫር አድርጌያለሁ። ክትፎው እስኪበስል ጠብቆ በላ፣ አኩርፎ። ጉበቱ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ከሁሉ ቀድሞ ጠፋ።

አጋዘን የተፈጠረችው ግን ለቋንጣ ነው። ስብ ስለሌላት አትሻግትም። ታፋውን በረጅሙ ዘልዝዬ፣ በበርበሬ፣ በጨውና በጥቁር አዝሙድ አሽቼ፣ መጀመሪያ ኦቨን ውስጥ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ አሞቅኩት። ጀርም የሚሞተው በዚያ ነው፤ ማድረቅ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ የማሞቂያው ክፍል ውስጥ ገመድ ዘርግቼ ሰቀልኩት። በክረምት የቤቱ ደረቁ ቦታ እዚያ ነው፤ የሙያ ጥቅም። በሦስተኛው ቀን ሲታጠፍ ተሰነጠቀ፣ አልተሰበረም፤ ልኩ ይኼ ነው። ለባልደረባዬ አንድ ከረጢት ይዤለት ሄድኩ። ቫኑ ውስጥ ሁለት ቁራጭ በላና ውኃ ፈለገ። ከዚያ ከረጢቱን ወንበሩ ሥር ደበቀው።

የቀረ ሥራ፦ ሁለተኛው ታፋ ለቋንጣ፣ አንገቱ ለወጥ፣ ሁለቱ ወርች ለቅቅል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለባቸው። በርበሬ አልቋል፤ እማዬ በሚመጣ ሰው ትልካለች። የጠመንጃው አፈሙዝ ገና አልተወለወለም።